ዘበኛ ነበር

«ዘበኛ ነበር ብለህ ጻፍ» አሉ ጋሽ ማርቆስ፣ ዳቧቸው ላይ ማር እየቀቡ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በላይኛው ሰፈር ሴቻ ካለው ቤታቸው ሳሎን መጋረጃው ገና አልተገለጠም። ኢሳያስ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የአጎቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ምሕንድስና የተመረቀ የእህት ልጅ ቤት ውስጥ እያለ ለጸሐፊ ማን ይከፍላል? ጣቶቹ «አቶ ኤርጫፎ በእንጨት ሥራ ድርጅታችን ውስጥ» እስከሚለው ድረስ ሳያመነቱ ሄዱ፤ «በጥበቃ ሥራ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የአጎቱ ሚስት እትዬ አስቴር ሻይ ቀድተው ፊቱ አኖሩለትና፣ ደብዳቤውንም ባላቸውንም ሳያዩ፣ «ስኳሩ እዚያ ጋ ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያ ቤት ነገር ሲከብድ ሁሉም ስለ ስኳር ነው የሚያወራው።

«ያ ሁሉ ዓመትስ?» አለ ኢሳያስ።

«ዓመት አትጥቀስ። በጥበቃ ሥራ ላይ እንደነበረ እናረጋግጣለን፣ በቃ። ምነው፣ ውሸት ነው? በር ላይ አልነበረም?»

በር ላይስ ነበር። የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት። ከዚያ በፊት ግን ኤርጫፎ ስድስት ዓመት በብርጭቆ ወረቀት እንጨት በእጁ ሲያለሰልስ፣ የማለስለሻው ማሽን ከመጣ በኋላ ደግሞ ሦስት ዓመት ማሽኑ አፍ ላይ ቆሞ ነው የኖረው። ሳሉ ሲጠናበትና አንድ የዋንዛ ጣውላ ማንሳት ሲያቅተው ጋሽ ማርቆስ አላባረሩትም፤ በርጩማ ሰጥተው በር ላይ አስቀመጡት። ምእመኑ ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አመሰገናቸው። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን በርጩማውም ከብዶት ቤቱ ተኝቷል። ሐኪሙ ሳንባህ ጠባሳ ይዟል፣ ከብናኝ የመጣ ይመስለኛል፣ ምን ስትሠራና ስንት ዓመት ስትሠራ እንደኖርክ ከቀጣሪህ አጽፈህ አምጣ ብሎታል። ያ ወረቀት ካለ በሥራ የተጎዳ ሰው ይባላል፤ ሕክምናውም ካሣውም ይከተላል። ከሌለ እንደ ማንኛውም የሚያስለው ሰው ሽሮፑን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ጋሽ ማርቆስም ይህን አላጡትም። «በገዛ እጄ ፈርሜ ራሴን ልክሰስ?» ነው የሚሉት። ብናኝ የሚል ወረቀት ከወጣ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ቤቱ ይታሸጋል፣ ቤቱ ከታሸገ አሥራ አንድ ሠራተኛ ይበተናል። እውነታቸውን ነው። ክፋቱ እውነታቸውን መሆኑ ላይ ነው።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ» አሉ፣ አሁንም ዳቦው ላይ እንዳቀረቀሩ። «ኤርጫፎ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጥቶታል፤ ደግ አድርጓል፣ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይሻላል። አንተንም ይጠይቁሃል። ማሽኑን የያዝከው አንተ ነህ፤ አንተ ያልከውን ነው የሚሰሙት።» በዚህ መሀል ቤተል የታጠቡ ሳህኖች ታቅፋ በበሩ አለፈች። የኢሳያስ እህት ናት፤ ከገጠር ከላንቴ መጥታ እዚሁ ቤት እየተላላከች ትማራለች። ጋሽ ማርቆስ በዓይናቸው ሸኟት። «ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናት፣ አይደል?» «አዎ ጋሼ።» «ጎበዝ። ትበርታ።» ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም፤ ማሩን ከጣታቸው ላሱና ተነሡ። ሁለቱም ተግባብተዋል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ኢሳያስ «በጥበቃ ሥራ» የሚለውን ጻፈና ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሲቀላ በሚባለው ታችኛው ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ከሴቻ በባጃጅ ሲወርዱ ሙቀቱ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ይጨምራል። ኢሳያስ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሟል፤ «በዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል መስመር ፍለጋ ዓይኑ ደክሟል። አብረውት የተመረቁት ባንክ ገቡ፣ ሞያሌ ወረዱ፣ አንዱ ደግሞ ምዕራብ አባያ ላይ ሞባይል ይጠግናል። እናቱ ሙዝ ተሸክመው ገበያ ሲወጡ «የኢንጂነሩ እናት» ብለው የሚያሾፉባቸው ነበሩ። አጎቱ «ና፣ ማሽን ልስጥህ» ሲሉት የተሰጠው ማሽን ብቻ አልነበረም፤ በሰው ፊት የሚያሳየው ፊትም ነው።

ማሽኑ ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ያገለገለ የቻይና ዕቃ ነው፤ ሠራተኞቹ «ሳንደሩ» ይሉታል። ውስጡ ስፋቱ ከሜትር የሚያልፍ የብርጭቆ ወረቀት አለ፤ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ እንደ ቀበቶ ሆኖ በከባድ ጥቅልሎች ላይ በአየር ግፊት ተወጥሮ ይሽከረከራል። ጣውላው ከሥር በጎማ ምንጣፍ ላይ ተጭኖ ይገባል፣ ሮለሮች ከላይ ጫን ብለው ይይዙታል፣ ቀበቶው ፊቱን እየላጠ ያሳልፈዋል። ሰው በአንድ ቀን ክንዱ እስኪዝል የሚያለሰልሰውን እሱ በደቂቃ ይተፋዋል። ሲነገር ቀላል ነው። ኢሳያስም መጀመሪያ ቀን ቀላል መስሎት ነበር፤ የጠረጴዛውን ከፍታ አስልቶ ሁለት ሚሊ ላንሳ ብሎ ጣውላውን ሲያስገባው ማሽኑ አጓርቶ፣ እንጨቱ ጠቁሮ፣ አዲሱ ወረቀት ከመጋጠሚያው ተቀዶ ቀረ። ኤርጫፎ አልሳቀበትም፣ ለማንም አልተናገረበትም። የተቀደደውን አውጥቶ ጥግ ወረወረና «እንጨት ለስግብግብ አይሆንም፤ ግማሽ ሚሊ ብቻ፣ ደግሞ ተመለስ» አለው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ከጎኑ ቆሞ አስተማረው። ከክምሩ ውስጥ መጀመሪያ ወፍራሙን ጣውላ ፈልግ፣ ማሽኑን በእሱ ልክ አድርግ፤ በቀጭኑ ለክተህ ወፍራሙን ከላክህ ይሰብርሃል። በሰማንያ ቁጥር ወረቀት ትቆርጣለህ፣ በመቶ ሃያ ታስተካክላለህ፣ በመቶ ሰማንያ ትጨርሳለህ፤ አንዱን ከዘለልክ የሰማንያው ጭረት ቫርኒሽ ሲነካው ብቅ ይልና ያሳፍርሃል። ሁሉንም በመሀል አታስገባ፣ ወረቀቱ አንድ ቦታ ብቻ ያልቃል፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። የጎበጠ ጣውላ ሮለሩ ሥር ሲገባ ቀና ይላል፣ ሲወጣ ተመልሶ ይጎብጣል፤ ለስልሷል ብለህ አትመን። ልስላሴውን የሚለካው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ጀርባ ነበር፤ መዳፉ ደንድኖ አይሰማም። ይህን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛ፣ በየመሀሉ እየሳለ ነው የነገረው። ኢሳያስ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ከተማረው ይልቅ በእነዚያ አምስት ወራት ያገኘው ይበልጥ እጁ ላይ አለ።

ሳንደሩ አብሮት የመጣ የአቧራ መሳቢያ አለው፤ ወፍራም ቱቦና ሰው የሚያክል ከረጢት። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ ሲነሡ ግን ብሬከሩ ይወርዳል። ተጨማሪ ኃይል ተጠይቆ ወረፋ ላይ ነው፤ ወረፋው ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ ወይ መሳቢያው ወይ ሳንደሩ ነው፣ በሳንደሩ ደግሞ እንጀራ ይበላል። መሳቢያው ለእንግዳ ብቻ ይበራል፣ ሳንደሩ ጠፍቶ። ብናኙ ከሰጋቱራ የረቀቀ ነው፤ እንደ ዱቄት በቆርቆሮው ሥር ይንሳፈፍና ቅንድብ ላይ፣ ላብ ላይ፣ ምሳ ዕቃ ላይ ያርፋል። ወረቀቱም ይታመማል፤ በአሸዋዎቹ መሀል ብናኙ ይጠቀጠቅና መቁረጥ ትቶ ማሸት ይጀምራል። በአሮጌ ጫማ ሶል እያሹ ያጸዱታል፣ ግን አንድ ስንዝር ቦታ ካመለጠ እንጨቱን ያቃጥለዋል። ቀበቶው እየዞረ ግራ ቀኝ ስለሚል የሚተወው ቡናማ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጥመለመለ ይሄዳል። እጅ እንዲህ ያለ መስመር አያወጣም፣ መላጊያም አያወጣም። መሳቢያው ያልበራለት ሳንደር ብቻ ነው የሚያወጣው። ኢሳያስ ለአንድ ሎጅ የታዘዙ የጠረጴዛ ፊቶችን ሲያሳልፍ አረፈደ፤ በሦስቱ ላይ መስመሩን አይቶ መልሶ አሳለፋቸው። አፉን በሻሽ አስሯል። ሲፈታው የሻሹ የውስጥ ገጽም ቡናማ ነበር፤ አራግፎ ኪሱ ከተተው።

ስድስት ሰዓት ላይ የኤርጫፎ ሚስት ልክነሽ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ከላንቴ የሚመጣ ሙዝ ታወርዳለች፣ እናቱንም ታውቃቸዋለች፤ እሱንም በልቧ እንደ ዘመድ ትቆጥረዋለች። ለሽማግሌ ጉባኤው ስትል ነጭ ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች፤ ፀሐዩ ላይ ዓይን ይወጋል። አልገባም አለች፤ ያ ብናኝ ካለበት ቤት እግሯን አታስገባም።

«እናትህ ሰላም ብላሃለች» አለች። «ሌሊቱን አልተኛም። ተቀምጦ ነው የሚያድረው፤ ሲተኛ ይታፈናል።»

«እግዚአብሔር ይማረው።»

«አሜን። እሱ ምን ይላል መሰለህ? ኢሳያስ ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም ይላል። እኔም የፈራሁት ነገር የለም። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ቤተ ክርስቲያን ያደግህ ልጅ ነህ።» ከዘንቢሏ እጅ ሙሉ ሙዝ አውጥታ ሰጠችው። እንዲመልስላት አልጠበቀችም፣ ፀሐዩን በነጠላዋ ጫፍ ከልላ ሄደች። ኢሳያስ ሙዙን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሊጠራት ፈለገ፣ ምን ብሎ እንደሚጠራት ጨነቀው። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ለኤርጫፎ ሊመሰክር ቆርጦ ነበር። «ማሽኑን ያስረከበኝ እሱ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሆዱ ሦስት ጊዜ ብሎታል፤ አንደበቱ ላይ እንዳይሰናከል።

የተቀመጡት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጀርባ ባለችው ትንሽ አዳራሽ ነው። አምስት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ባለጉዳዮች፣ ልክነሽ፣ ኢሳያስ። ሰብሳቢው ጋሽ ታዴዎስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ምስክርን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ። «ሁለተኛ መጠየቅ ዋሽተሃል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ለወንድም አንልም» ይላሉ። በጸሎት ተከፈተ። ኤርጫፎ ቁጭ ብሎ እንዲናገር ተፈቀደለት። ከስቶ ሸሚዙ ከሌላ ሰው የተዋሰው መስሏል። «እኔ ገንዘብ አላልኩም» አለ። «ጠብ የለኝም። የሠራሁት ይጻፍ። ዘጠኝ ዓመት ከብናኝ ጋር ሠራሁ። ዘበኛ ከተባለ ሐኪሙ አያየኝም። ይኸው ነው።» ስድስት ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረበት። ጋሽ ማርቆስ ግን ንግግር የሚዋጣላቸው ሰው ናቸው። ታመመ ብዬ አላባረርኩም አሉ፣ አንድ ወር ደመወዙ አልጎደለም አሉ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ በዚያ ቤት ያድራል አሉ፣ ማሽኔ የአቧራ መሳቢያ ያለው ዘመናዊ ማሽን ነው አሉ። አንዱም ውሸት የለበትም። ሲጨርሱ ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ኢሳያስ አግዳሚው ላይ እጁን አሳርፎ ሲያዳምጥ ጣቶቹ ጀርባ አንድ ነገር ተሰማቸው። ዝቅ ብሎ አየ። አግዳሚዎቹ አዳራሹ ሲመረቅ ጋሽ ማርቆስ በስጦታ ያበረከቷቸው ናቸው፤ ሳንደሩ ላይ ያሳለፋቸው ኤርጫፎ ነው። ከቫርኒሹ ሥር ያ ቡናማ መስመር እየተጥመለመለ ከእሱ ጭን ተነሥቶ በሽማግሌዎቹ ሥር አልፎ ይሄዳል። ሌሎቹም ላይ አለ፤ አንዴ ካዩት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም። «ተነሡና የተቀመጣችሁበትን እዩ» ማለት ይበቃው ነበር። ማስረጃ ይሉሃል ይህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠውበታል። ቀና ሲል አጎቱ እያዩት አልነበረም፤ ስልካቸውን ነው የሚያዩት። ቢያዩትስ ይቀለው ነበር። ያ አለማየት ቤተልን፣ የምታድርባትን የጓሮ ክፍል፣ ላንቴ ላይ «የኢንጂነሩ እናት» የሚሏቸውን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ ፊቱ አቆመበት።

«ልጄ ኢሳያስ» አሉ ጋሽ ታዴዎስ። «ማሽኑ ዛሬ በአንተ እጅ ነው። አንተ ስትገባ ማሽኑ ላይ ማን ነበር? ሥራውንስ ማን አሳየህ?»

ተነሣ። ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከመጽሐፉ ነው የተማርኩት» አለ። «ከማሽኑ ጋር የመጣ መጽሐፍ አለ።»

መጽሐፉስ አለ። በቻይንኛ የተጻፈ ነው፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ኢሳያስ ከሥዕሎቹ በቀር አንድ ፊደል አይለይም። ይህን በዚያ አዳራሽ የሚያውቁት እሱ፣ አጎቱና ኤርጫፎ ብቻ ናቸው። ጋሽ ታዴዎስ ፊታቸው በራ፤ መምህር ናቸውና «መማር እንዲህ ነው» አሉ። «ኤርጫፎስ?»

«በር ላይ ነበር።»

ልክነሽ አፏን ከፈተች። ኤርጫፎ እጁን ጉልበቷ ላይ አኖረ፣ መልሳ ዘጋችው። እሱ ራሱ ኢሳያስን ቀና ብሎ አላየውም፤ የሚያየው መሬቱን ነበር፣ እንደ ተሸማቀቀ ሰው። ዋሽቶ የቆመው ኢሳያስ ሆኖ ሳለ ያፈረው እሱ ነበር። ኢሳያስ ሲቀመጥ ጭኑን አግዳሚው ላይ ዘርጋ አድርጎ መስመሩ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያደረገው አስቦበት መሆኑን በኋላ ነው የገባው።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ጥቂት ተመካክረው ተመለሱ። ደብዳቤው እንደተጻፈ ይሁን፣ ማርቆስ ስለ ወንድምነት የሦስት ወር መድኃኒት ከኪሱ ይቻል፣ ነገሩ በዚህ ይዘጋ አሉ። ኤርጫፎ «ወረቀቱ ግን...» ብሎ ሊነሣ ሲል ጋሽ ማርቆስ ቀደሙት። ሽማግሌዎቹ ሲመካከሩ ወጥተው በመስኮቱ ሥር ከበቀለው እርጥብ ሣር እፍኝ ሙሉ ነጭተው ገብተው ነበር፤ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በዚያ ሱፍ፣ ኤርጫፎ እግር ሥር ተንበረከኩ። «ወንድሜ፣ ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» አሉ። ጋሞ ምድር ላይ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ የሚሄድ የለም። ጦር ያነሣ እንኳ በሣር ፊት ጦሩን ይጥላል፤ ኤርጫፎም በዚያ ሥርዓት ያደገ፣ አባቱም በዚያ ሥርዓት የደም ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። ጋሽ ማርቆስ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከልባቸው ነበር? ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ምናልባት ከልባቸው ነበር። ያ ደግሞ ምንም አልለወጠም። ኤርጫፎ ሣሩን ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጋሽ ማርቆስን በክንዳቸው ይዞ አነሣቸው። ይህችን ለማድረግ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፣ አንዱ መዝሙር አነሣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኤርጫፎ ግን ለማደር የቀረው ጊዜ ብዙ አልነበረም።

ኢሳያስ መዝሙሩ ሳያልቅ ወጣ። በቧንቧው በኩል ዞሮ በጓሮ በር ሊሄድ ነበር፤ ኤርጫፎና ልክነሽ ግን መዝሙሩ እንደተነሣ ወጥተው እዚያው ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ ኤርጫፎ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። ልክነሽ ፊቷን አዞረች። መመለስ አሳፈረው፣ ማለፍም አሳፈረው።

«ጋሼ...» አለ።

ኤርጫፎ እጁን አወዛወዘ፤ ተው ማለቱ ይሁን ቆይ ማለቱ አልታወቀም። ሳለ፣ በመሐረብ አፉን ጠረገ፣ መሐረቡን አጥፎ ደበቀ።

«ማሽኑ ላይ ዓመት ሞላህ?» አለው።

«አልፎኛል።»

«መሳቢያውስ?»

«ያው ነው።»

ኤርጫፎ ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ኢሳያስ ቁጣ ቢያገኝ ኖሮ የሚይዘው ነገር ባገኘ። «አንተንም አንድ ቀን ሐኪም ይጠይቅሃል» አለ፣ ቃል በቃል እያረፈ። «ወረቀት አምጣ ይልሃል። ያን ጊዜ ወደ እኔ ላክ። በሕይወት ካለሁ መጥቼ እመሰክርልሃለሁ። ማሽኑ ላይ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት እላለሁ።»

ልክነሽ ክንዱን ይዛ በጓሮ በር ወሰደችው፤ በየአምስት እርምጃው ይቆማሉ። ከፊት በኩል የአጎቱ መኪና ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ኢሳያስ ሲደርስ መኪና ውስጥ ሲጠብቁ የቆዩት እትዬ አስቴር ከፊት ወንበር ወርደው ኋላ ተቀምጠዋል፤ «ግባ፣ ና፣ ከአጎትህ አጠገብ ሁን» አሉት። ገብቶ በሩን ዘጋ።